ጆሮዋን ያልነካ እጅ

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ምን ዓይነቷ ሰው ናት?» ብላችሁ ከምትደነግጡ ከወዲሁ እንድታውቁኝ ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከእግርሽ ይቀድማል» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት መስከረም ላይ ግን ምላሴ ብቻውን አይደለም ያጠፋው፤ ዓይኔም ነበረበት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የኦ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ኦ ክፍል ማለት ሕፃናቱ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ፊደል፣ ቁጥር፣ መዝሙር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍንጫ መጥረግ የሚለማመዱበት ክፍል ነው። ሁለተኛ ዓመቴን መያዜ ነበር። ቀን ቀን ስድሳ ሕፃን «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ቀሚሴን ይጎትታል። ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ እናቱ ይሮጣል፣ እኔ ወደ ተከራየኋት ክፍል እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ንፋሱ ነው የሚያናግረኝ። ኔትወርክ ሲኖር ከእናቴ ጋር እናወራለን፤ ሲጠፋ ግድግዳውን እያየሁ ሽሮዬን እበላለሁ። ብቻውን የሚበላ ሰው ምግቡ ቶሎ ያልቅበታል፣ ምሽቱ ግን አያልቅለትም። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጨዋ ነው፣ ያከብረኛል፤ «እንደምን ዋሉ መምህርት» ብሎ ኮፍያውን ነካ አድርጎ ያልፋል። በዚያ ዕድሜዬ «እርስዎ» መባል ከብርዱ ይብስብኝ ነበር። ስለዚህ ቀንም ሌትም የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ዝውውር። ነገ የምሄድ ይመስል ሻንጣዬን እንኳ በወጉ አልፈታሁትም።

የምዝገባው ቀን ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ። ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ ጠረጴዛዬን አውጥቼ በሩ አጠገብ፣ ከክፈፉ ሥር አስቀመጥኩ። በሩን ከኋላዬ በድንጋይ አስደግፌ ከፍቼዋለሁ። ሰልፉ እስከ አጥሩ ይደርሳል።

እንግዲህ በገጠር የልደት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። የልጁ ዕድሜ ታዲያ በምን ይታወቃል? በጆሮ! ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ «ለከርሞ ያድርሰን» ተብሎ ይሸኛል። አባቴ እንዲህ ተለክቶ ነው የገባው፣ እኔም እንደዚሁ። መመሪያው በጆሮ ለኩ እንደማይል አውቃለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ፣ ክፍሉ ጢም ብሎ፣ ርዕሰ መምህሩ «ከስድሳ እንዳታሳልፊ» ብለውኝ፣ ጆሮን የመሰለ ዳኛ ከየት ይገኛል? አይከራከር፣ አይለመን።

አራት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ተራዋ ደረሰ። እትዬ በላይነሽ ትባላለች፤ ስሟን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው። በጀርባዋ የተፈተለ የበግ ፀጉር ተሸክማለች፣ በእጇ በወፍራም የሱፍ ባና የተጠቀለለች ልጅ ይዛለች። ከጠረጴዛዬ ጫፍ በላይ የሚታየው የልጅቷ ግንባርና ዓይን ብቻ ነው።

«ስም?» አልኩ፣ ዓይኔን ከመዝገቡ ሳላነሳ።

«ሽታዬ።»

«ዕድሜ?»

«ስምንት ሞላት፣ መምህርት።»

ሳቄ መጣ። «ስምንት? ይቺ? አራትም አልሞላት! ነይ እስቲ፣ ጆሮሽን ንኪ።»

ልጅቷ ባናዋን ገልጣ ቀኝ እጇን አነሳች። እጇ አናቷ ላይ ደረሰና ቆመ። ጥርሷን ነክሳ ገፋችው፣ ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ ጣቶቿ ፀጉሯ ውስጥ ተርመሰመሱ፤ ጆሮዋ ግን ገና ሩቅ ነው።

«አልደረሰም። ለከርሞ።»

«መምህርት፣ ይሄ አራተኛ መምጣቷ ነው» አለች እናቲቱ ቀስ ብላ። «አምናም የመለሷት እርስዎ ነዎት።»

አላስታወስኳትም። አፈርኩ፤ እኔ ሳፍር ደግሞ እቆጣለሁ። «አምናም ዘንድሮም ካልደረሰ እኔ ልጎትተው ታዲያ? ስሚ ሴትዮ፣ ይሄ የልጅ ማቆያ አይደለም። በውሸት ዕድሜ አላስገባም። ቀጣይ!»

እሷ «እርስዎ» እያለችኝ፣ እናቴ ልትሆን የምትችለውን ሴት «ስሚ ሴትዮ» አልኳት። የልጅቷን ፊት እንኳ በቅጡ አላየሁም። ትዝ የሚለኝ እኔን አለማየቷ ነው። በትከሻዬ አልፋ፣ በተከፈተው በር፣ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ባለ ቀለም ፊደል ነበር የምታየው።

ስድስት ሰዓት ላይ ምዝገባው አለቀ። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየመጣ ነበር። እርቦኛል፣ በርዶኛል። ጠረጴዛዬን በበሩ አስገብቼ፣ ድንጋዩን በእግሬ ገፍቼ፣ በሩን ከረቸምኩና ቁልፉን ሹራቤ ኪስ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ስምንት ሰዓት አልሞላም፣ በሬ ተንኳኳ። ሰው አንኳክቶብኝ ስለማያውቅ ደነገጥኩ። ስከፍት ያቺው ሴት ናት። የፈተለችውን ሸጣለች፣ ጀርባዋ ባዶ ነው፤ እጇም ባዶ ነው።

«ልጄን አይተዋታል?»

«የት ትተሻት ነው?»

«ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር። እስክመለስ ቁጭ በይ አልኳት። ገበያ ይዣት አልገባም፣ ሰው ይስቅባታል። ስመለስ የለችም።»

ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኳት። ግቢው ውስጥ ነፍስ የለም። ጉሙ ወርዶ ባንዲራው እንኳ አይታይም። ሽንት ቤቱን አየን፣ የእንጨት ክምሩን፣ የውሃ ጉድጓዱን። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ እናቲቱ ቆመች፣ መጠጋት አቃታት። እኔ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ክዳኑ እንደተከደነ ነው።

«ክፍል ውስጥስ?» አለችኝ።

«ተቆልፏል። ቁልፉም እኔው ጋ ነው» አልኩና ኪሴን መታ አደረግኩላት።

እሷ ግን ቆርቆሮው መስኮት ሥር ሄዳ «ሽታዬ! ሽታዬ ሆይ!» እያለች ተጣራች። ጆሯችንን ጥለን አዳመጥን። ምንም የለም። «ወደ ቤት ሄዳ ይሆናል፣ መንገዱን ታውቀዋለች» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደማታምንበት ያስታውቃል። መንገዱ በገደል አፋፍ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ በኋላ የሄድነውን መንገድ አሁንም በእንቅልፌ እሄደዋለሁ። አርባ ደቂቃ የሚያስኬደው ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ በየአሥር እርምጃው እየቆምን እንጣራለን፣ ወደ ገደሉ እንጠጋለን፣ ድንጋይ ወርውረን እናዳምጣለን። ምን እንደምናዳምጥ አላውቅም። እትዬ በላይነሽ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ! አንዴ አድጦኝ ስወድቅ እጄን ይዛ አነሳችኝና «አይዞሽ ልጄ፣ እርጥቡን አትርገጪው» አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ በዚያ አገር «ልጄ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ጉሙ ውስጥ አለቀስኩ፤ ለልጅቷ ይሁን ለራሴ አልለየሁትም።

ቤታቸው ሊደረስ ሲል ከጉሙ ውስጥ የደብሩ ቄስ ብቅ አሉ። ጥምጥማቸው በጤዛ ርሷል።

«በዚህ ጉም ምን ሆናችሁ ነው፣ በላይነሽ?»

«ሽታዬ ጠፋችብኝ፣ አባ።»

ቄሱ አማተቡ። ወንዶቹን ሰብስበው ገደሉን በታች በኩል እንደሚያስፈልጉ ነገሩን። ሊሄዱ ሲሉ እኔ፣ አፌ አያርፍም አይደል፣ «አባቴ፣ ልጅቷ ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ «አንቺ ትክክል ነሽ» የሚለኝ ሰው እየፈለግኩ ነበር።

«ስምንት አልፏታል እንጂ!» አሉ። «በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኳት እኔው ነኝ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር በአንድ ጠዋት። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ናት። ይቺ እጅና እግሯ አጥሮ ቀረ። ቁመቷ ቆመ እንጂ ዕድሜዋ መቼ ቆመ፣ መምህርት?»

እጇ ገና አልደረሰም ስል የከረምኩት፣ ለካ ያ እጅ መቼም አይደርስም! ከርሞም፣ የዛሬ አሥር ዓመትም አይደርስም። እኔና ከእኔ በፊት የነበረችው አስተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ያዘዝናት ሊሆን የማይችል ነገር ነበር። ደግሞ በባና ተጠቅልላ ፊቴ ቆማ አላየኋትም፤ ያየሁት እጇንና ጆሮዋን ነው፣ በመሃላቸው ያለችውን ልጅ አይደለም።

ቤት ደረስን። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፣ ውስጥ ማንም የለም። እትዬ በላይነሽ በቀጥታ እህል ከሚቀመጥበት ትልቅ ጎታ ጀርባ ሄደች፤ ተከተልኳት። በጎታውና በግድግዳው መሃል አንድ በግ የማታስተኛ ስፍራ አለች። የተነጠፈ አሮጌ ዝተት፣ አምስት ጠጠር፣ ከጣሪያው እንጨት የተንጠለጠለ የጓሳ ሣር ገመድ። የገመዱ ጫፍ በእጅ ብዛት ለስልሷል።

«ይሄ ገመድ ምንድነው?»

«እጇን ልታስረዝም» አለች፣ ሳታየኝ። «አምና ከመለሷት ወዲህ ጠዋት ማታ ትንጠለጠላለች። ተይ ብላት እንቢ አለች። ትላንትና 'እማዬ፣ የደረሰ ይመስለኛል' ስትለኝ ነው ይዣት የመጣሁት።»

ዝተቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚታየው የጎታው ጀርባ ብቻ ነው። በጥፍር የተጫረ ነገር አለበት፤ ፊደል የሚመስል፣ ግን ፊደል ያልሆነ።

«ለምንድነው እዚህ የምትቀመጠው? ውጭ አትጫወትም?» አልኳት። በዚያን ጊዜ ነው እትዬ በላይነሽ የተሰበረችው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ሰው ሲመጣ ግቢ እላታለሁ። አባቷ ሳይሞት ነው ያስጀመራት። ምን ዓይነት ፍጥረት ወለዱ እንዳንባል ነዋ! ብልህ ናት፣ አታስልም፣ አትንቀሳቀስም፣ እንግዳ እህል ቀምሶ እስኪወጣ ትንፋሿ አይሰማም። አንድ ቀን ረስቻት እስኪመሽ ቆይታለች።»

«ቢጠሯትስ?» አልኩ።

«ብጠራትም አትወጣም። እንግዳ ፊት አፌ አምልጦኝ ስሟን ብጠራ እንኳ እንዳትወጣ ብዬ ያስለመድኳት እኔው ነኝ። አጠገቧ መጥቼ 'ሄደዋል' ስላት ብቻ ነው የምትወጣው።»

እጄ ሹራቤ ኪስ ገባ። ቁልፉ እዚያው ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሄድ ጎኔን ሲመታኝ የነበረው እሱ ነው።

በሩን ከፍቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ስመዘግብ ዋልኩ። ጠረጴዛውን ሳስገባ ወደ ውስጥ አላየሁም። ቆልፌባት ሄድኩ! እናቷ መስኮቱ ሥር ስትጣራ ልጅቷ ሰምታለች፣ እንዳስተማሯትም ዝም ብላለች።

«እትዬ በላይነሽ፣ የት እንዳለች አውቄያለሁ! ይከተሉኝ!» ብዬ ሮጥኩ። «እርስዎ» ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ትንሽ አልዘገየም?

ስመለስ ጉሙ እንዳለ ነው፣ ቀኑም እየደነገዘ ነው። ትንፋሼ ሊወጣ ደርሷል። ቁልፉ አልገባ አለኝ፣ «እባክህ! እባክህ!» እያልኩ ቁልፉን ለመንኩት። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ይበርዳል።

«ሽታዬ?»

ዝም።

«ሽታዬ፣ እኔ ነኝ፣ ቲቸር ነኝ። አይዞሽ ነይ፣ ማንም አይቆጣሽም።»

ስልኬን አብርቼ አግዳሚዎቹን ሥር ለሥር አየሁ። የለችም። ተሳስቼ ይሆን? ገደሉ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ከዚያ እናቷ ያለችኝ ትዝ አለኝና ክፍሉ መሃል ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«ሄደዋል» አልኩ። «ሽታዬ፣ ሁሉም ሄደዋል።»

ግድግዳው ላይ ከተደገፈው ጥቁር ሰሌዳ ኋላ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አንቺስ?»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንዲህ ተብላችሁ ተጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ያልተፈታው ሻንጣዬ ዓይኔ ላይ መጣ። አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ሆኜ እዚያ እንዳልነበርኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

«እኔ አልሄድኩም» አልኳት። «እዚሁ ነኝ።»

ወጣች። ልብሷ በሽንቷ ርሷል፣ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል፣ ጉንጯ ላይ የጠመኔ አቧራ አለ። ሹራቤን አውልቄ ጠቀለልኳት። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየኋት፤ የስምንት ዓመት ልጅ ፊት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ዓይን። እናቷ እያለከለከች ደርሳ በሩ ላይ ተደፋች፤ «ልጄ! ልጄ! ነይ ወደ ቤት እንሂድ!»

ሽታዬ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት እጇን የአግዳሚው እግር ላይ ጠመጠመችና «አልሄድም እማዬ» አለች። «ቆልፋብኛለች እኮ። ገብቻለሁ።»

በሩ ሲቆለፍባት አልፈራችም። ተቀበለችኝ ብላ ነው። በብርድ፣ በረሃብ፣ በጨለማ እስከ ማታ ዝም ብላ የተቀመጠችው ከተናገረች እንዳይመልሷት ነው። መዝገቡን አወጣሁ። በስልክ ብርሃን፣ ቆሜ፣ ስድሳ አንደኛ አድርጌ ጻፍኳት። ዕድሜ በሚለው ሥር «ስምንት» ስል አጠገቤ ቆማ አየች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጣቷን አስጠግታ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«አዎ። ይሄ አንቺ ነሽ።»

ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ ተቆጡኝ፣ እኔም ተቆጣሁ፤ ቁጣዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ። አግዳሚው ስለሚረዝምባት እትዬ በላይነሽ በጭድ የተሞላ ጆንያ ሰፍታ አመጣችላት። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁባት። እሷም ደንግጣ ሁለት ሦስት ቀን ከሰሌዳው ኋላ ገብታለች፤ ዝም ብዬ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ እል ነበር። እንደ ተረት በአንድ ቀን አልተቃናም። ዘንድሮ ግን ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ምላሷም የእኔን ሊያስንቅ ደርሷል።

እኔ? ከዚያ ወዲህ ማንንም ጆሮውን ንካ አላልኩም። ዝውውሩ አልመጣም። አልዋሻችሁም፣ አሁንም እጠይቃለሁ፤ ምሽቱም አሁንም ይረዝማል። ሻንጣዬን ግን ፈትቻለሁ። ሁልጊዜ ክፍሉን ከመቆለፌ በፊት ሰሌዳው ኋላ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ማንም የለም። ማንም አለመኖሩ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንዳንድ ቀን ይከፋኛል፤ ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቁት ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ለምዝገባ ቤት ለቤት ስዞር ሽታዬ «አብሬሽ ልሂድ» አለችኝ። አንድ ቤት ገባን። ሴትየዋ በርጩማ አቅርባ፣ ቆሎ ሰጥታ፣ «ለትምህርት የደረሰ ልጅ የለኝም» አለችን። እኔ አምኜ ልነሳ ነበር። ሽታዬ ግን ቆሎዋን እንደጨበጠች ተነስታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ጎታው ጀርባ ሄደች። ሴትየዋ ክው አለች። ሽታዬ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ስትል፣ ቆሎዋን ለአንድ ሰው ስታካፍል ሰማሁ። ከዚያም እንዲህ ስትል፦

«አልሄዱም። ቢሆንም ነይ፣ እንውጣ።»